በወረቀት ስምንት ዓመቴ ነው

አለፈ! የጻፍኩት ተውኔት አለፈ! ሰኞ ዕለት የከተማችን የወጣቶች ቲያትር ክበብ ሰብሳቢ ደወለልኝና «ቅዳሜ መድረክ ላይ ይወጣል፤ እናትየዋን ሆነሽ የምትጫወቺውም አንቺው ነሽ» አለኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። የአከራያችን ዶሮዎች እስካሁን በጎን ነው የሚያዩኝ።

ተውኔቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ስለ አንዲት ሪሞት ከእጇ የማይወጣ እናት ነው። ከየት አመጣሻት ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አዳማ ውስጥ በየቤቱ አንድ አንድ አለች።

ሰብሳቢው ታዲያ ስልኩን ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር ጨመረ። «ተዋናይ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ መሆን አለበት። የልደት ሰርተፊኬትሽን እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ካላመጣሽ ሌላ ልጅ ትጫወተዋለች።»

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ምን ችግር አለው? ሰርተፊኬቱን ከቡፌው መሳቢያ አውጥቼ ሳየው ግን ስምንት ዓመቴ ነው።

ጥፋቱ የአባዬ ነው። ስወለድ ሆስፒታሉ የሰጠን ካርድ ላይ ዓመቱ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነበር። አባዬ አምና ሰርተፊኬት ሲያወጣልኝ ያንኑ ቁጥር እንዳለ ገልብጦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞላው። አስተውሎ ያየው ሰው የለም፣ ታተመ። አባዬ የአቦምሳ መስመር ሹፌር ነው፤ ደወልኩለት።

«ታዲያ ምን አለበት? ልጅነት የሚጠላ አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ከማኩረፌ በፊት ኔትወርኩ ጠፋ። ወይም አጠፋው።

ማክሰኞ ቀበሌ ሄድኩ፤ ሲስተም የለም። ረቡዕ ሲስተም አለ፣ ኃላፊዋ ስብሰባ ናት። ሐሙስ ሁለቱም ተገኙ። ኃላፊዋ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ወረቀቱን አየች።

«ሁለተኛ ክፍል ነሽ? ለዕድሜሽ ረዝመሻል።»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። የሆስፒታሉ ካርድ ስለጠፋ፣ እንዲስተካከልልኝ ስወለድ የነበሩ ሦስት ምስክሮች ማቅረብ አለብኝ።

ዓርብ ጠዋት እማዬን ይዤ ሄድኩ። «አንዷ እኔ ነኝ» አለች ደረቷን ነፍታ።

«እናት ምስክር አትሆንም፣ እትዬ። ቤተሰብ አይቆጠርም።»

«ስትወለድ ከእኔ ሌላ ማን ነበር? እኔ ሳልኖር ነው የተወለደችው?»

«ሕጉ ነው።»

«ሕጉን ማን ወለደው?»

እጇን ይዤ አወጣኋት። በባጃጅ ወደ ሰፈር በረርንና ጎረቤታችንን ሐጂን ከነባለቤታቸው፣ ልብስ ሰፊዋንም ከስፌት መኪናዋ ላይ አንስተን ተመለስን። ቢሮው ዓርብ አምስት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ አምስት ሰዓት ሆኗል። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው «ቶሎ በሉ፣ ጁምዓ አለብኝ» ይላሉ።

«አካም ቡልተኒ፣ ሐጂ» ብላ ኃላፊዋ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ አለቻቸው። «ልጅቷ የተወለደችበትን ቀን በምን ያስታውሱታል?»

«እንዴት ይረሳል! ያኔ ሰፈሩ በሙሉ ድራማ የሚያየው እኔ ቤት ነበር። እናቷን ምጥ ይዟት ‹ሳያልቅ አልነሳም› ብላ ሶፋዬን ሙጭጭ አለችበት። የሶፋው ክንድ እስካሁን ይወዛወዛል።»

«ኧረ ውሸት!» አለች እማዬ። «ማስታወቂያ ሲገባ ተነስቻለሁ!»

«ድራማው ላይ ምራቲቱ መርዝ ጠጥታ የሞተች ቀን ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«የለም፣ የዚያን ቀን ጠጣች እንጂ የሞተችው በሳምንቱ ነው» አሉ የሐጂ ባለቤት።

«ሞታለች! አልቅሻለሁ እኮ!»

«አንቺ ደግሞ መቼ አታለቅሺም?»

ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ምስክሮች ካልተስማሙ አልፈርምም።»

እኔ የጻፍኩትን ቃል ሌላ ልጅ ስታወራው፣ ሰው ሲስቅላት፣ እኔ ከታች ቁጭ ብዬ ሳጨበጭብ ታየኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ሐጂ ሰዓታቸውን ያያሉ። ሁለቱ ሴቶች ግን ሟቿን ገና አልቀበሯትም።

«ቆይ ቆይ» አለች ኃላፊዋ በድንገት። «ባልየው ሆስፒታል በር ላይ ተንበርክኮ የሚያለቅስበት ነው?»

«እሱ ነው!» አሉ ሦስቱም በአንድ አፍ።

«አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። በማግስቱ የመንፈቅ ዓመት የሒሳብ ፈተና ነበረኝ፤ እሱን ሳይ አምሽቼ…» ድምፅዋን ቀነሰች። «በሕይወቴ የወደቅኩት አንድ ፈተና እሱ ብቻ ነው። ዓመቱማ አይጠፋኝም።» በጣቷ ቆጠረች። «አሥራ ስድስት። ልክ ነሽ። የሞተችው ደግሞ በሳምንቱ ነው።»

ሦስቱም ፈረሙ። ልብስ ሰፊዋ «ለልጅቷ ስል ነው እንጂ ያን ቀን ሞታለች» እያለች ፈረመች። ማኅተሙ ዷ! ሲል ኃላፊዋን በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርቼ ሳምኳት።

ወደ ክበቡ ስንሄድ ባጃጅ ውስጥ እማዬ «ለመሆኑ ምን ሆነሽ ነው የምትጫወቺው?» አለችኝ።

«እናት።»

«የማንን እናት?»

ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።

«ሪሞት ትይዛለች?»

«ትንሽ።»

ስንወርድ ነጠላዋን አስተካከለችና «ሰማያዊ ቀሚሴን ልበሺ፤ አሮጌውን ለብሰሽ በሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ» አለች። ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ላይ ወረቀቱን ሰብሳቢው እጅ ላይ አኖርኩት። እናትየዋ የእኔው ሆነች።

«ሰው ጥሪ፤ ባዶ ወንበር አይስቅም» ብሎኛል ሰብሳቢው። ስለዚህ ተጠርታችኋል፦ ነገ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው አዳራሽ። ከቆቃ የምትመጡ ቀደም ብላችሁ ተሳፈሩ። እናቶቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ ስድቡን ብቻዬን አልችለውም።