ጓደኛዬ ያስረዳችኝ በሽታ

ሞጣ ከተማ አማርኛ ሳስተምር ከአንዲት የባዮሎጂ መምህርት ጋር ቤት ተከራይተን አራት ዓመት አብረን ኖረናል። የእኔን ነጠላ ለብሳ ለቅሶ ሄዳለች፤ እኔም በእሷ ጫማ ሰርግ ታድሜያለሁ።

አንድ ጥቅምት ዓይኔ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። አከራያችን ገና ሲያዩኝ «የወፍ በሽታ ነው» አሉ። ሆስፒታል ሄጄ ስመረመር ደሜ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘ። ውጤቱን ያሳየሁት ለእሷ ብቻ ነበር።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለተማሪዎቿ እንደምታስረዳው አስረዳችኝ።

«ቫይረሱ ጉበትሽ ሴል ውስጥ ገብቶ ይራባል። የተያዘው ሴል ግን የቫይረሱን ቁርጥራጭ ወደ ውጭ አውጥቶ ገላው ላይ ያሳያል። ገዳይ ቲ ሴሎች የሚባሉት የሰውነትሽ ተከላካዮች ደግሞ እየዞሩ ይፈትሻሉ። ያንን ቁራጭ የሚለየው ገዳይ ሲደርስ ይጣበቅበታል፤ ይበሳውና ራሱን እንዲያጠፋ የሚያደርግ ነገር ይጨምርበታል። ጤነኛውን ጎረቤት ትቶ ወደ ሌላ የተያዘ ሴል ያልፋል።»

«ታዲያ እኔ ለምን ታመምኩ?»

«ጉበትሽን የሚጎዳው ቫይረሱ ራሱ አይደለም፤ ገዳዮቹ የተያዙትን ሴሎች ሲያጠፉ ነው። ዓይንሽ ቢጫ የሆነው ሰውነትሽ እየተዋጋ ስለሆነ ነው። አብዛኛው አዋቂ ሰው ያሸንፈዋል። አብሮ በመብላት እንደሆነ አይተላለፍም።» ይህን ብላ ከሳህኔ ጎረሰች። አለቀስኩ።

በዚያ ዓመት ሁለታችንም ወደ ቢቸና ዝውውር ጠይቀን ነበር። እኔ አባቴ ዓይናቸው እየደከመ ብቻቸውን ስለነበሩ፣ እሷ ደግሞ እጮኛዋ እዚያ ስለሚሠራ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚለቀው አንድ ሰው ብቻ ነው ተባለ፤ በአገልግሎት ቅድሚያው የእኔ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ።

«ጉበትሽ አልቋል አሉ። ከሐኪሞችሽ አናርቅሽም።»

«ማን ነው ያለው?»

«አብራሽ የምትኖረው ናት እንጂ። ለተማሪም ያሰጋል ብላለች። ከእሷ የተሻለ ማን ያውቃል?»

ቤት ስገባ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ትከታለች።

«ይተላለፋል አልሽ?» አልኳት።

«ለአንቺው ብዬ ነው።»

ሻንጣውን እየዘጋች «እጮኛዬስ ስንት ዓመት ይጠብቀኝ?» አለች።

እሷ ወደ ቢቸና ተዛውራ ከሄደች በኋላ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የእኔ ስኒ ለብቻው መቀመጥ ጀመረ። የሚተላለፈው በደምና በመሳሰሉት እንጂ በስኒ አይደለም ብዬ ብናገርም የሚሰማኝ አልነበረም። ከስድስት ወር በኋላ ስመረመር ቫይረሱ ከደሜ ጠፍቷል። ወረቀቱን ለርዕሰ መምህሩ ሳሳያቸው «እሰየው» ብለው መለሱልኝ። ስኒው ግን እዚያው ቆየ።

በዓመቱ ዝውውሩ ተፈቀደልኝ። ቢቸና ስደርስ አባቴ ፊቴን በእጃቸው ዳብሰው ነው የለዩኝ።

ከእሷ ጋር የተገናኘነው ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ድንች ስመርጥ ነው። ልጅ አዝላለች።

«ዳንሽ?»

«ድኛለሁ።»

«እንደምትድኚ እኮ አውቅ ነበር» አለችኝ፣ እያቀፈችኝ።

ድንቹን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ ሳላቅፋት ለቀቀችኝ።