አኩሊና ያላጠፋቻት መኪና

አኩሊና መኪና ነድታ አታውቅም። ስልሳ ሦስት ዓመቷን ሁሉ ክረምቱ ካልተሞቀ ሞተር በማያስነሳባት በኩዩል መንደር ስትኖር አንድ ቀን መሪ ጨብጣ አታውቅም፤ ነገር ግን በመንደሩ ውስጥ እሷ ያላለበሰችው መኪና የለም። የምትተዳደረው ለመኪና ልብስ በመስፋት ነው። ያረጀ የወታደር ካፖርት፣ ያለቀ ብርድ ልብስ፣ የተቀደደ የድንኳን ሸራ ሲመጣላት ደራርባ፣ በወፍራም መርፌ ጠቅጥቃ፣ ኮፈን ላይ የሚጣል ድሪቶ ታደርገዋለች። ለራዲያተሩ የደረት መሸፈኛ፣ ለባትሪው ካባ ትሠራለች። መስታወት ላይ ሁለተኛ መስታወት መለጠፍ የወንዶቹ ሥራ ነው፤ ልብሱ ግን የእሷ ነው። ለአዲስ ልብስ ልክ ስትወስድ ባለመኪናውን «የአምናውን የት አደረስከው?» ብላ ታፋጥጠዋለች፤ ለውሻው አንጥፎለት ከሆነ ወዮለት።

ባሏ ፕሮኮፒ ሠላሳ ዓመት የመንደሩን ወተት ወደ ከተማ ያመላለሰ ሹፌር ነበር። ጡረታ ሲወጣ መሪዋ በቀኝ የሆነ አንዲት ያረጀች ግራጫ መኪና ገዛ፤ ከዚያ ወዲያ በአኩሊና ላይ ጣውንት መጣባት። «ጣውንቴ» የሚለውን ስም ያወጣችላት ራሷ ናት። ሰውየው ጠዋት ሲነሳ ለሚስቱ እንዴት አደርሽ ሳይል መኪናዋን ለማየት የመስኮቱን በረዶ በጥፍሩ ይፍቃል። ከዚያ ከሆዷ ሥር ገብቶ፣ እንደ ቡታጋዝ በፓምፕ በሚነፋ እሳት መትፊያ የረጋውን ዘይት ሲያሞቅ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ባትሪው ደግሞ ውጭ አያድርም፤ ማታ ማታ ተፈትቶ ቤት ይገባና ከአልጋው ግርጌ፣ በፕሮኮፒ በኩል ያድራል።

«ጣውንትሽ ዛሬ ምን ለብሳለች?» ይላታል ሻዩን እየጠጣ።

«ካንተ የተሻለ። አንተ ገና በአምናው ሹራብ ላይ ነህ።»

ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃምሳ ገብቶ ሳለ፣ ፕሮኮፒ እንደ ልማዱ አሞቆ አስነሳት። ሚኒሞዋን፣ ቆማ የምትሠራበትን ዙር፣ አስተካክሎ ቤት ገባ፤ ጓንቱን አንዱን አውልቆ ሌላውን ሳያወልቅ ደረቱን ያዘ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቫርቫራ ከመሬት ከፍ ያለችውን ረጅሟን የሕክምና መኪና ይዛ መጣች። ወደ ከተማው ሆስፒታል ሊወስዱት ተሸክመው ሲያወጡት አኩሊናን በእጅጌዋ ጎተት አደረጋት።

«እንዳታጠፊያት» አላት። «በሦስት ቀን ይለቁኛል። ስመለስ እሷን ለማስነሳት ከብርድ ጋር አልታገልም።»

«መንዳት አላውቅ፣ ምን ላድርጋት?»

«ማን ንጂ አለሽ? ነዳጅ ብቻ አጠጫት።»

አጠጣቻት። በቀን አንድ ጀሪካን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሌሊትም እየተነሳች ቀዳችላት። በዘጠነኛው ቀን ከሆስፒታሉ ስልክ ተደወለ። ፕሮኮፒ ጎህ ሲቀድ፣ ማንም አጠገቡ ሳይኖር አርፏል።

መቃብሩን ለመቆፈር የመንደሩ ወንዶች ሦስት ቀን ሙሉ መሬቱ ላይ እሳት አነደዱ። መሬቱም እንደ ሞተሩ ነው፤ ካላሞቁት እሺ አይልም። ከቀብር መልስ የፕሮኮፒ ታናሽ ወንድም ተሬንቲ በግቢው ውስጥ ስታንጎራጉር ወደቆየችው መኪና ሄደ። ተሬንቲ የመንደሩ መካኒክ ነው፤ ምላሱ ስለታም፣ ሆዱ ግን ቂም አይዝም።

«እትዬ፣ እንግዲህ ላጥፋት?»

«ተዋት።»

«ለማን ነው የምትሠራው?»

«ተዋት አልኩህ። እሱ ነው ያስነሳት።»

ተሬንቲ የበሩን እጀታ ለቀቀ። ነገሩ ገብቶታል። በዚህ ብርድ አንዴ የጠፋች መኪና፣ ቀጥሎ የሚያስነሳት የሌላ ሰው እጅ ነው። ፕሮኮፒ በዚህ ዓለም ከጀመራቸው ነገሮች ያላለቀው ይህ ድምፅ ብቻ ነበር። አኩሊና ሬሳውን አይታ፣ አፈር አልብሳ ተመልሳለች፤ ያን ሁሉ ችላዋለች። ጸጥታውን ግን ፈራችው፣ እንደ ልጅ ፈራችው።

«እስከ አርባው» አለ ተሬንቲ በመጨረሻ። «ካርባው በኋላ ግን እኔው ራሴ መጥቼ አጠፋታለሁ። ዘይቷ ውሃ ሆኗል። በሐዘን ሞተር ልትጨርሺ ነው።»

መንደር መንደር ነውና ወሬው አልቀረም። ሱቅ ውስጥ «የአኩሊና መኪና የት ደረሰች?» ይባላል፤ «ገና መንገድ ላይ ናት» ብሎ የሚመልስ አይጠፋም። ሴትዮዋ ልቧን ስታለች ያሉም ነበሩ። እነዚያው ሰዎች ግን ለመኪናቸው ልብስ ሊያሰፉ ሲመጡ ከጨርቁ ጋር ጀሪካን አንጠልጥለው ነው፤ አኩሊና በዚያ ክረምት ከነዳጅ በቀር የእጅ ዋጋ አልተቀበለችም። የሚያሾፈውም የሚያዝነውም እየቀዳላት ፕሮኮፒ ከሞተ ሠላሳ ሰባተኛው ቀን ደረሰ።

በዚያ ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ። ብርዱ ሃምሳ አራት ነበር። የኩዩል መኪናዎች አብዛኞቹ ሌሊቱን የሚያሳልፉት ኮፈናቸው ውስጥ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ከላይ በአኩሊና ድሪቶ ነው። ማሞቂያው ሲቀዘቅዝ ድሪቶው ብቻውን ምን ያደርጋል? አኩሊና ራሷ ሁልጊዜ የምትለው ነው፤ ልብስ ሙቀት ያቆያል እንጂ ሙቀት አይወልድም። እኩለ ቀን ሳይደርስ መንደሩ ሁሉ ድንጋይ ሆነ። በጠቅላላው ኩዩል ውስጥ ጭስ የሚወጣው ከቤቶቹ ጭስ ማውጫና ከአንዲት ግራጫ መኪና ብቻ ነበር።

ተሬንቲና ቫርቫራ ሽፋሽፍታቸው በረዶ አዝሎ አብረው መጡ።

«እማማ አኩሊና» አለች ነርሷ፤ «ፈረስ ጠባቂው ስፒሪዶን ከወንዙ ማዶ፣ ሩቅ ግጦሹ ላይ፣ በረዶው ሥር የተደበቀ ውሃ ውስጥ ገብቶ እግሩ እስከ ጉልበቱ ደርቋል። ሚስቱ በሬዲዮ ጠራችኝ። እስከ ማታ ካልደረስኩለት እግሩ አይተርፍም። የኔ መኪና ደግሞ ጋራዥ ውስጥ እንዳለች ሞታለች።»

«ይቺን ውሰዷታ!»

«ይቺ መሬት ትልሳለች፤ ያን በረዶ አታልፈውም» አለ ተሬንቲ። «ረጅሟ ናት የምታልፈው። እኛ የመጣነው እሳት ልንጭር ነው። ግን እወቂው፤ ይቺ ባትሪዋን ለሌላ ስታካፍል ራሷ ቀጥ ልትል ትችላለች። ቀጥ ካለች እስከ ሚያዝያ አትነሳም።»

አኩሊና መኪናዋን አየቻት። ፕሮኮፒ በሠላሳ ዓመት ሹፍርናው በክረምት የቆመ መኪና አልፎ አያውቅም። አንዴ በልጃቸው ሠርግ ቀን ለማያውቁት ሰው ቆሞ ሙሽሮቹን ግማሽ ቀን አስጠብቋቸዋል፤ በዚያ ነገር አንድ ዓመት ተጨቃጭቀዋል። አሁን ትዝ ሲላት ሳቅም እንባም መጣባት።

«እንሂድ፤ እኔም አብሬ እገባለሁ» አለች።

ጤና ጣቢያው ከመንገዱ ማዶ ነው፤ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ወር ተኩል በአንድ ቦታ የቆመው ጎማ ከሥሩ ጠፍጥፎ ስለደረቀ መኪናዋ እያነከሰች ተሻገረች። ተሬንቲ ሁለቱን መኪናዎች አፍንጫ ለአፍንጫ አስጠግቶ በረጅሟ ሆድ ሥር እሳት መትፊያውን ይዞ ገባ። ዘይቱ ሲለሰልስለት በገመድ ባትሪ ከባትሪ አገናኘ። ቫርቫራ ቁልፉን ስታዞር ግራጫዋ ድምፅዋ ዝቅ አለ፣ ተንቀጠቀጠች፣ ልትጠፋ ደረሰች። አኩሊና በጓንቷ ኮፈኑን ደገፈችው፤ እንዲያ ማድረግ ምንም እንደማይረዳ ታውቃለች። በሦስተኛው ረጅሟ አስላ ተነሳች፤ ግራጫዋም አልጠፋችም።

ያኔ ቫርቫራ የነዳጅ መለኪያውን መርፌ አይታ ፊቷ ተለወጠ። ማደያው ያለ መብራት አይቀዳም። በመንደሩ የነበረችውን ጠብታ ሁሉ ደግሞ የጠጣችው ማን እንደሆነች የታወቀ ነው።

«ቤቴ ሁለት ጀሪካን አለኝ» አለች አኩሊና። «ሂድና አምጣው።»

ተሬንቲ አልተንቀሳቀሰም። «እትዬ፣ መብራቱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ይቺ ሆዷ ውስጥ ያለው እስከ ማታ አይዘልቅም። አርባው ሦስት ቀን ነው የቀረው።»

«መቁጠር አውቃለሁ። ሂድ።»

ቀዱና ሄዱ። አኩሊና ብቻዋን ቀረች። ብርዱ ጉንጯን ሲነክሳት ቀኝ በኩል ያለውን በር ከፍታ በፕሮኮፒ መቀመጫ ላይ ተቀመጠች፤ እዚያ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። ወንበሩ የእሱን ቅርጽ ይዞ ነበር። መርፌው ቀዩ ላይ ተኝቷል። ዝም ብትላት ሲመሽ ራሷ ታስልና ትቀራለች፤ ማንም አጠገቧ ሳይኖር።

«እሱ ሲሄድ አልነበርኩም» አለቻት ጣውንቷን። «አንቺ ስትሄጂ ግን አለሁ። በቃሽ፣ ደክሞሻል።»

ቁልፉን መለሰችው።

የፈራችው ጸጥታ መጣ። ትንፋሿን ይዛ ጠበቀችው። በብርድ ድምፅ ሩቅ ይሄዳልና፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከዛፎቹ ጀርባ የረጅሟ ሞተር ይሰማ ነበር። እስኪርቅ ድረስ ተቀምጣ አዳመጠችው። ከዚያ ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች፤ ካባውን የሰፋችው እሷ ናትና ማሰሪያው የት እንዳለ አልጠፋትም። ባትሪውን ፈትታ፣ የመጠጥ ውሃ የሚሆነውን በረዶ በምትጎትትበት ተንሸራታች ጋሪ ላይ ጭና ቤቷ ወሰደችው። ከአልጋው ግርጌ፣ በፕሮኮፒ በኩል አስቀመጠችው።

ተሬንቲ የተመለሰው መብራቱ ከመጣ በኋላ ነው። ምድጃው ዘንድ ቆሞ እጁን እያሻሸ ስፒሪዶን ሁለት የእግር ጣቶች ቢያጣ ነው፣ እግሩ ግን ይተርፋል ብሎ ነገራት። ከአልጋው ግርጌ ያለውን ባትሪ ሲያይ ቆቡን አወለቀ።

«እትዬ» አለ ኋላ፤ «ረጅሟን አላጠፋኋትም። ጋራዥም አላስገባኋት። ከቫርቫራ ጋር ተነጋግረናል፤ ከሱ እሳት የተጫረች ናትና እስከ አርባው ትሠራለች።»

አኩሊና ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

«የመንግሥት ነዳጅ ልትጨርሱ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ግን የቁጣ አልሆነላትም። ጥቂት ቆይታ የልክ ሜትሯን ከመሳቢያው አወጣች። «ውጭ የምታድር ከሆነ በዚያ ቡትቶ አይሆንም። ና፣ ያዝልኝ፤ ልክ እንውሰድላት።»