ቱቫና የምድር ቤቱ ሰሌዳ

ቱቫ ሄልሲንግ በሃያ አራት ዓመቷ ተማሪ ነበረች፤ ስዊድን፣ ኖርሾፒንግ ከተማ ውስጥ ከአባቷ በወረሰችው አፓርታማ ትኖራለች። ሕንጻው ሠላሳ ስምንት ቤቶች አሉት። ሁሉም ልብሳቸውን የሚያጥቡት ምድር ቤት ባለው አንድ የጋራ ክፍል ነው። እዚያ ግድግዳው ላይ ቀናትና ሰዓታት የተጻፉበት፣ በየሰዓቱ ትይዩ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል። እያንዳንዱ ቤት ቁጥሩ የተቀረጸበት ትንሽ ጓጉንቸር አለው፤ ማጠብ የፈለገ ወርዶ ጓጉንቸሩን በሚመቸው ሰዓት ላይ ይቆልፋል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አሠራሩ ይኸው ነበር።

ቱቫ ይህን ሁሉ ወደ ስልክ አዛወረችው። ዩኒቨርሲቲው ለጀማሪ ሥራ ፈጣሪዎች በከፈተው ማዕከል ጠረጴዛ ተሰጥቷት፣ ከክፍል ጓደኛዋ ከዮኤል ጋር ስምንት ወር የለፋችበት መተግበሪያ ተራ ያስይዛል፣ ማሽኑ ሲጨርስም ይጠራል። ማዕከሉ ግን ቀን ቆርጦላታል። እስከ ግንቦት መጨረሻ አንድ የነዋሪዎች ማኅበር በጉባኤ ድምፅ ካልተቀበለው ጠረጴዛዋን ለሌላ ትለቃለች። ጎረቤት አይጨክንብኝም ብላ የራሷን ሕንጻ መረጠች።

ሙከራው በጥር ተጀመረ። በየካቲት መጠይቅ አዞረች፤ ሠላሳ አንድ ቤቶች መለሱ። ለመጠቀም ቀላል ነው ወይ ለሚለው ሃያ ዘጠኙ አዎ አሉ። ይጠቅማል ወይ ለሚለው ሃያ ሰባቱ። የተጠቀሙበት ቤቶች ግን አራት ነበሩ፤ አንደኛው የራሷ ነው።

«አራት!» አለ ዮኤል። «ዋሽተውሻል።»

«እዚህ ቤት ሰው ወረቀት ላይ አይዋሽም። የሚዋሸው ደረጃ ላይ ሲገናኝ ነው።»

«እንግዲያው ሽማግሌዎች ስለሆኑ ነው። ስልክ አይገባቸውም።»

«ጎረቤቴ ሲክስተን ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ በስልኩ ቼዝ ገጥሞ ሁልጊዜ ያሸንፈኛል።»

የማጠቢያው በር ላይ የለጠፈችው የመተግበሪያው ማስታወቂያ ሥር አንድ ሰው ባማረ የእጅ ጽሑፍ «ይህም ወረቀት በስልሳ ዲግሪ ይታጠብ» ብሎ ጽፎበት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወረደች። ሰሌዳውን ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀውን ሲክስተንን፣ የወረቀት ፋብሪካ ጡረተኛውን፣ ጓጉንቸሮቹን ዘይት እየቀባ አገኘችው።

«ሲክስተን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትሸነግለኝ።»

«መሸንገል መቼ አውቅበትና!»

«ቀላል ነው ብለህ ሞልተህልኛል። ለምንድነው ታዲያ የማትጠቀምበት?»

«ቀላል ነዋ። ጠቃሚም ነው። የጠየቅሽኝን መለስኩ። ሰሌዳው ምን ይሠራል ብለሽ ግን አልጠየቅሽም።»

«ተራ ያስይዛል።»

ሲክስተን ጨርቁን አስቀመጠ። «ሐሙስ ጠዋት ሃያ ዓመት ሙሉ የአሥራ አራት ቁጥር ነበር። የአባትሽ። ባለፈው ኅዳር አንድ ሐሙስ ቀዳዳው ባዶ ሆኖ አየሁት። ወጣሁና አንኳኳሁ። አልከፈተም። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ያን ታውቀዋለች። ማን እንዳንኳኳ ነበር የማታውቀው። ከሆስፒታል ሲደውሉላት «ጎረቤት ወድቆ አገኘው» ብቻ ነበር ያሏት። አባቷ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ኖረ፤ አሥራ አንዱንም ቀን አጠገቡ ነበረች። በዘጠነኛው ቀን ዓይኑን ገልጦ በረዶ ጀምሯል ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ምን ብዬ? አመስግኚኝ ልበልሽ?» ጨርቁን መልሶ አነሳ። «ስልክሽ ላይ ሰው የሚያየው የራሱን ተራ ነው። ማን እንደቀረ አይታይም።»

ቱቫ የልብስ ቅርጫቷን እዚያው ተወችው። በቀጥታ ወደ ዮኤል ሄደች።

«ስምንት ወር ሠርተን ወደ እንጨት ልንመለስ?» አለ ዮኤል።

«ወደ እንጨቱ። ሰሌዳው አይነካም፤ ሰው በእጁ ይቆልፋል። እኛ ከኋላው እንገባለን።»

ከየቀዳዳው ጀርባ የትኛው ቁጥር እንደተቆለፈ የምትለይ፣ ምስር የምታክል መሣሪያ አስገቡ። አምስተኛ ፎቅ ያለ ሰው ደረጃ ሳይወርድ ሰሌዳውን እንዳለ በስልኩ ያየዋል። አንድ ቤት የለመደውን ቀን ሲዘል ደግሞ፣ ቤቱ ራሱ ለመረጠው ጎረቤት መልእክት ይደርሳል። ቱቫ ስትበሳ ሲክስተን መብራት ያዘላት።

«ቀስ በይ እንጂ! አይብ መሰለሽ እንዴ?»

በስድስት ሳምንት ውስጥ ተጠቃሚዎቹ ሠላሳ አምስት ቤቶች ሆኑ። ዮኤል ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ቆጠረው።

ጉባኤው በግንቦት ሦስተኛው እሑድ ተሰበሰበ። ሠላሳ ስድስት ቤቶች ተገኙ። ሰብሳቢዋ ጉኔል አሥራ አንደኛውን አጀንዳ፣ የቱቫን መተግበሪያ፣ ስታነብ የሦስተኛ ፎቁ ቶርቢዮርን እጁን አወጣ።

«ያላጠብኩበትን ቀን ለሌላ ሰው መንገር ስለላ አይደለም?»

ቱቫ ይህ ሰው የአዳራሹን ሐሳብ ሊገለብጠው እንደሚችል ታውቃለች። «የሚነገረው አንተ ለመረጥከው ሰው ነው» አለች። «ማንንም ካልመረጥክ ለማንም አይነገርም። የመጣሁት ሰሌዳውን ላስወግድ አይደለም። እሱ ከአባቴ ጋር አሥራ አንድ ቀን ሰጥቶኛል፤ ለሌላውም ይስጥ ብዬ ነው።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ቶርቢዮርን፣ እኔን ምረጠኝ፤ ካልሲህን ሁሉ በቀለሙ አውቀዋለሁ» ስትል ሳቁ ፈነዳ።

እጆች ወጡ። ድጋፍ ሠላሳ አራት፣ ተቃውሞ ሁለት። ጉኔል መዶሻዋን አሳረፈች፤ ጭብጨባው ግን ከመዶሻው ቀድሞ ነበር። ሲክስተን እንደ ኳስ ተመልካች ቆሞ ያፏጭ ነበር።

ጉባኤው ሲበተን ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። የሚመርጡትን ጎረቤት ለማስመዝገብ ቱቫ ፊት ተሰለፉ፤ እሷም እየሳቀችና ዓይኗን እየጠረገች ጻፈች። የመጨረሻው ተሰላፊ ቶርቢዮርን ነበር።

«ያቺን ካልሲዬን የምታውቀውን ጻፊልኝ» አለ ጎንበስ ብሎ። «ለመሆኑ ስሟ ማን ነው?»

«ዩልቫ።»

ሃያ ዓመት በአንድ ደረጃ ወጥተው ወርደዋል። ቱቫ የዩልቫን ስም በቁጥሩ ትይዩ ጻፈችለት። በዚያው ሳምንት ሁለት የአካባቢው የነዋሪዎች ማኅበራት ለእኛም ይሠራልን ብለው ደወሉላት።