የልግመኞች ደብተር

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ደረጀ ከሥልጠና ተመለሰ። እዚሁ ሸዋ ሮቢት አንድ ሆቴል ያስተዳድራል። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ስልታዊ አስተሳሰብ ተምሮ መጥቶ፣ ማንጎ እየላጠልኝ፣ «አባባ፣ ሠራተኞቼ ልግመኞች ሆኑብኝ። ማን እንደሚለግም የሚነግረኝ አንድ ታማኝ ሰው መድቤያለሁ» አለኝ። ማንጎውን መለስኩለት። ለዚህ ጉዳይ ከእኔ የተሻለ አስተማሪ በይፋት ቆላ የለም፤ እውነት ስለሆነ ይህን ስል አላፍርም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከጀውሃ ወንዝ ውኃ ጠልፎ ሽንኩርት የሚያለማ ሰፊ እርሻ ውስጥ፣ ቦዩን እየቀደድኩ ለየመደቡ ውኃ አደርስ ነበር። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት የአክስቴ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው። አክስቴ ማንበብ ስለማትችል ገልብጣ ለጥፋው ነበርና እኔም እንደተገለበጠ ተማርኩት። እስከ ዛሬ በሁለቱም በኩል አነባለሁ፤ ከተማሩት ውስጥ ይህን የሚችል ካለ አሳዩኝ።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጡ፤ አቶ መርዕድ ይባላሉ። ደገኛ፣ የተማሩ፣ ክፉ ያልሆኑ ሰው ነበሩ። ቢሯቸው ውስጥ በቀለም የተሰመረ የአምስት ዓመት ዕቅድ ሰቀሉ። ከዚያ የሥራ ሰዓታችንን እንደ ከተማ ቢሮ፣ ጠዋት ከሁለት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ተኩል አደረጉት። የቆላ ሰው ጎህ ሲቀድ ጀምሮ አራት ሰዓት ላይ ጥላ ይገባል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይመለሳል። ይህን እንኳን ሰው ግመል ያውቀዋል።

እምቢ ያለ ሰው አልነበረም። ለገምን። ልግም ሥራ መፍታት እንዳይመስላችሁ፤ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ዶማው ሁሉ አንድ ላይ ይነሣል፣ አፈሩን ግን አይነካም። እጀታው በቀን ሦስት ጊዜ ይወልቃል። እትዬ ዘነቡ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው የሦስት ልጆች እናት፣ አንዲት አረም ሲነቅሉ ዳዊት የሚደግሙ ይመስሉ ነበር። እኔም እኩለ ቀን ላይ ውኃ መልቀቅ እንደማይገባ እያወቅሁ፣ ታዝዣለሁ ብዬ ለቀቅሁት። በጋለው አፈር ላይ የተኛው ውኃ የሽንኩርቱን ሥር ቀቀለው። ሽታው እስከ መንገዱ ድረስ ይመጣ ነበር። አፍሬበት እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ ትንሽ።

ሽንኩርቱ መበስበስ ሲጀምር አቶ መርዕድ ቢሮ አስጠሩኝ። ከሠራተኛው መሐል መጻፍ የምችለው እኔ ብቻ መሆኔን ሰምተው ነበር። አዲስ ደብተር ሰጡኝና የሚለግሙትን ሁሉ ስም ጽፌ ቅዳሜ እንዳመጣ አዘዙኝ። እኔን ካቦ ማለትም የሠራተኛ አለቃ ሊያደርጉኝ፣ ስሙ የተጻፈውን ደግሞ ሊመክሩት ብቻ ነው አሉኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ግን ፊቱ ወደ እሳቸው የዞረ ደብዳቤ ነበር። እሳቸው ሲያወሩ እኔ እንደተገለበጠ አነበብኩት። በደብተሩ ስሙ የተገኘ ሁሉ ሰኞ ይሰናበታል ይላል።

ሦስት ቀን ደብተሩን ብብቴ ሥር ይዤ ዞርኩ። ሠራተኞቹን ስጠጋቸው ወሬው ይቆማል። ከዚያ በፊት አንድ ጉርሻ አጉርሰውኝ የማያውቁት እትዬ ዘነቡ የማሽላ ቂጣ አቀረቡልኝና፣ «ብላ ልጄ፣ ስትጽፍ ጣትህ እንዳይደክም» አሉኝ።

ቅዳሜ አቶ መርዕድ ሠራተኛውን ሰብስበው ደብተሩን ተቀበሉኝ። ገለጡት፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይህ የእኔ ስም ነው» አሉ።

«አዎ ጌታዬ። ልግመኛ ማለት እየቻለ የማይሠራ ነው። እኛ በእጃችን ለገምን፤ እርስዎ ማሰብ እየቻሉ በጭንቅላትዎ ለገሙ።»

«ከሥር ያለውስ?»

«እኔ ነኝ። ሦስተኛ ስም ከእኔ እጅ አይወጣም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ዋጠው። እኔ ግን አልጨረስኩም። ሽንኩርቱ በየትኛው ሰዓት ውኃ ቢጠጣ፣ ሰዉስ በየትኛው ሰዓት ቢሠራ እንደሚበጅ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ አባረሩኝ።

በዚያው ወደ ጀውሃ ከተማ በእግሬ ሄድኩ። ሰኞ ከእኔ በቀር ማንም አልተሰናበተም። በሳምንቱ ሠራተኛው ጎህ ሲቀድ እንዲገባ ታዘዘ፤ ሽንኩርቱም ከግማሽ በላይ ዳነ። አቶ መርዕድ «ሰዓቱን የለወጥኩት በራሴ ጥናት ነው» ብለው አወሩ ተባለ። ያውሩ። እትዬ ዘነቡ ለገበያ ጀውሃ በመጡ ቁጥር ከሩቅ «ካቦዬ!» እያሉ ይጠሩኝ ነበር።

ደረጀ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «ታዲያ አባባ፣ ሥራዎን አጡ አይደል?» አለኝ።

«አጣሁ» አልኩት። «ያንተ ሠራተኞች ምሳ የሚበሉት በስንት ሰዓት ነው?»

አያውቅም። ሦስት ቀን የሠለጠነ ሰው ይህን አያውቅም። የሠራተኛ ልግም ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ የአለቃ ልግም ግን የሚታየው ሰብሉ ከበሰበሰ በኋላ ነው። «ሄደህ ጠይቃቸው፣ ያንን ታማኝ ሰውህንም ወደ ሥራው መልሰው» አልኩት። ተቀይሞኝ ወጣ፤ እስካሁን አልደወለም። ይቀየም። እኔ አንድን አለቃ ዓይን ዓይኑን እያየሁ የተናገርኩትን፣ ለገዛ የልጅ ልጄ ስል አላለዝበውም።