የማይጠቁር ዘይት

ሰሞኑን ወልድያ ከቤቴ ጀርባ ያለው ጎረቤቴ አጥር እያጠረ ነው፤ እንጨቶቹን ከመትከሉ በፊት እግር እግራቸውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሲቀባቸው ሽታው ግቢውን ተሻግሮ ወጥ ቤቴ ድረስ ገባ። ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው መስኮት ሊዘጉ ተሯሯጡ። እኔ ግን ማማሰያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፣ ምክንያቱም ያ ሽታ መርሳ የነበረው የወላጆቼ ቤት ሽታ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ የፍርሃቴም ሽታ ነው።

አባቴ ካሣዬ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ መንግሥት ተለውጦ በጦርነቱ ተዘግቶ የከረመው የሰሜኑ መንገድ ሲከፈት፣ ያለ የሌለውን አራግፎ አንዲት ያረጀች ኤንትሬ የጭነት መኪና ገዛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አረማመዱ ተቀየረ ይሉታል የሚያውቁት። ሲበዛ ንጹሕ ሰው ነበር፤ ሞተር ነካክቶ ሲጨርስ እጁን በሳሙና ታጥቦ አይበቃውም፣ ከጓሮ ሎሚ ቀጥፎ ጥፍሮቹን አንድ በአንድ ይፈትግ ነበር፣ በመርሳ ሹፌሮች መሀል ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የሚነዳም እሱ ብቻ ነበር። ሸሚዙን የምታጥበው እናቴ እቴነሽ ስለሆነች የንጽሕናው ዝና የእሱ፣ ድካሙ የእሷ ነበር።

ክረምት ሊገባ ሲል አባቴ የመኪናውን ዘይት ይቀይርና ከሞተሩ የወጣውን በጀሪካን ይዞልን ይመጣ ነበር። መርሳ ቆላ ቀመስ ስለሆነ ምስጥ አያሳርፍም፤ የጭቃ ቤት ሠርቶ እንጨቱን ዝም ያለ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ጣራውን ከራሱ ላይ ያገኘዋል። እናቴ በእንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠምጥማ፣ ያን ቅራሪ የመሰለ ጥቁር ዘይት እየነከረች፣ የቤቱን ቋሚዎች ከወለሉ እስከ ጉልበቷ ድረስ ትቀባ ነበር፣ ጣራውን የተሸከመውን የመሀሉን ምሰሶ ደግሞ ደጋግማ ታጠጣው ነበር። እኛ ልጆች እንዳንደገፈው ብንከለከልም እየተደገፍን፣ የዩኒፎርማችን ጀርባ ላይ ጥቁር መስመር ይዘን ትምህርት ቤት እንሄድ ነበር። ቤታችን በመኪናዋ እድፍ ቆሞ ነበር ማለት ይቻላል፣ ያኔ ግን ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም።

ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲደርቅ አባቴ ሥራ ይበዛበት ነበር። አንድ መስከረም ላይ ግን ነገር ዓለሙ አላምር አለው። አዲስ ዘይት አስገብቶ ኮምቦልቻ ደርሶ ሲመለስ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዞ በነጭ ጨርቅ ይጠርገውና ጨርቁ ከል ሲመስል ፊቱ አብሮ ይጠቁር ነበር። ገብቶ ሳይሰነብት የሚጠቁር ዘይት የተበረዘ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ፤ ያንን ንጹሕ ሰው የገዛ መኪናው ውስጥ ቆሻሻ እየዞረ መሆኑ እንቅልፍ ነሳው። በዚህ መሀል አንድ የሙያ ጓደኛው፣ ግራና አካባቢ የአትክልት ውሃ የሚስቡ ፓምፖች ላይ የሚጨመር፣ ከበርሜል እየተቀዳ የሚሸጥ ሌላ ዘይት እንዳለ ነገረው። ያ ዘይት ስንት ጊዜ ተሠርቶበት እንኳ መልኩን አይለቅም ነበር። አባቴም ሞከረው፣ ደሴ ደርሶ ተመልሶ ዘንጉን መዘዘው፣ ከዚያም ጨርቁን እንደ ሰርግ መሐረብ ይዞ እየሳቀ ወደ ጓሮ ገባ።

«ነይ እዪ እስቲ፣ እቴነሽ» አላት፣ «ማር እኮ ነው የሚመስለው።»

በበጋው ዘይት የሚቀየርበት ጊዜ ደረሰና ጀሪካኑ እንደ ወትሮው ወደ ቤት መጣ። እናቴ ከፈተችው፣ አሸተተችው፣ ወደ ብርሃን አውጥታም አየችው። ምሰሶውን ስትቀባው እንጨቱ እርጥብ ከመምሰል በቀር ቀለም አልያዘም፤ በማግስቱ ደረቀና ምንም እንዳልተነካ ሆነ። ስለ ሞተር የምታውቀው ነገር አልነበረም፣ ስለ እድፍ ግን ታውቅ ነበር። ያን ዕለት የአባቴን ሸሚዞች እያጠበች ሳለ ሲያልፍ ጠራችውና ጥቁር አረፋ የሞላበትን ሳፋ አሳየችው።

«ውሃው ካልጠቆረ ሸሚዙ አልጠራም ማለት ነው» አለችው። «ያ ዘይትህ እንደገባ ከወጣ፣ እድፉ የት ቀረ?»

አባቴ ከልቡ ሳቀ። ሞተርና ሸሚዝ አንድ ነው እንዴ ብሎ አለፋት፣ ሻይ ቤትም ሄዶ ለጓደኞቹ አወራው፤ ከዚያ በኋላ ሹፌሮቹ በደጃችን ሲያልፉ ሞተር የምታጥቢበት ቀን መቼ ነው እያሉ እናቴን ይነዘንዟት ነበር። እሷም አብራ ትስቅ ነበር፣ ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም ነበር። እኔ ትልቋ ልጅ ስለሆንኩ ይህን አውቅ ነበር።

በልግ ሲገባ ሁለት ነገሮች በአንድ ላይ ጀመሩ። የመጀመሪያው ምሰሶው ላይ ታየ፤ ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚጓዝ ቀጭን የአፈር መስመር፣ እናቴ በመጥረጊያ ስታፈርሰው በማግስቱ ተመልሶ፣ ትንሽም ከፍ ብሎ ይገኝ ነበር። ሁለተኛው የሚሰማ ነበር። አባቴ ማለዳ ሞተር ሲያስነሳ ከውስጥ ደረቅ ነገር ቋ ቋ ቋ ይል ነበር፣ ብረት ብረትን እንደሚያንኳኳ ዓይነት፤ ከዚያ ዘይቱ ወደ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋና ሞተሩ ወደ ለመድነው ጉርምርምታ ይመለስ ነበር። እኔ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ትንፋሼን ይዤ ያ ድምፅ እስኪያቆም እጠብቅ ነበር፣ ሳምንት በሳምንት ላይ ሲደራረብ ደግሞ መጠበቄ እየረዘመ ሄደ። አባቴ እርጅና ነው ይል ነበር። ሰውም ማለዳ ሲነሣ ወገቡ ይንቋቋል አይደል እያለ ያፌዝ ነበር።

የእናቴ ጭንቀት ወደ ደሴ የሚወስደው የውጫሌ ቁልቁለት ነበር። ድሮ አባቴ ራሱ ነበር የነገራት፤ ሞተር ቁልቁለት ላይ ከሞተ ፍሬኑን የሚያሠራው ንፋስም አብሮ እያለቀ ይሄዳል፣ ጭነት ከኋላ ሲገፋ ደግሞ መሪ ብቻውን ሰው አያድንም ብሎ። ምነው ባልነገራት። ከዚያ ወዲህ አባቴ ወደ ደሴ ሲነሣ ደጅ ወጥታ የመኪናዋ ድምፅ እስኪጠፋ ትቆም ነበር፣ ከጠፋም በኋላ ጥቂት ትቆይ ነበር። እኛም ዕቃ ስንሰብር ወይም ስንጣላ አትቆጣንም ነበር፤ እናት የማትቆጣበት ቤት ምን ያህል እንደሚያስፈራ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ክረምቱ ሲገባ መኪናዋ ሰማያዊ ጭስ እየተፋች ትወጣ ጀመር። አንድ ቀን ሲሪንቃ ድረስ ጋቢና ውስጥ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ሄድኩ። ድሮ የዘይቱን ግፊት የሚያሳየው መርፌ መሀል ላይ ይቆም እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ያን ቀን ግን ልፈልገው ብል አጣሁት። የቅዱስ ገብርኤል ስዕል ተለጥፎበታል። አባባ መርፌው የት ሄደ ብዬ ስጠይቀው፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ፣ ገብርኤል ይጠብቀናል አለኝ። ያኔ አባቴም እንደሚፈራ ገባኝ።

ዝናቡ ሊወጣ ሲል እናቴ ምሰሶውን በአውራ ጣቷ ጫን ብትለው ጣቷ ዘልቆ ገባ። ላዩ ደህና እንጨት ነበር፣ ውስጡ ግን ተበልቶ አልቋል። ቀና ብላ ጣራውን አየች፣ ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና አባቴ እየበላ ወዳለበት ገባች። ስታለቅስ አላየኋትም፣ ድምፅዋም አልጨመረም።

«ካሣዬ፣ ስለ እኔ ብለህ የድሮውን ዘይት መልስ» አለችው። «ከዚህ ሌላ የምለምንህ የለኝም።»

አባቴ መብላቱን አቆመ። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልሳቀም። በማግስቱ ያን የሚጠቁረውን ዘይት ገዝቶ መጣ፣ የፓምፑን ዘይት አፍስሶ አዲሱን አስገባ። ከአንድ ደርሶ መልስ በኋላ ዘንጉን መዝዞ በጨርቅ ሲጠርገው ጨርቁ ከሰል መሰለ፤ ለእናቴ ሰጣት፣ እሷም ተቀብላው እንደ ልጃገረድ ሳቀች። የማለዳው ማንኳኳትም ቀነሰ። እኔ ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፁን ሳልጠብቅ የተኛሁት ያን ሰሞን ነበር፤ እናቴም ለጎረቤት ሁሉ፣ ካሣዬ ሰማኝ፣ በመጨረሻ ሰማኝ እያለች ታወራ ነበር።

ማሽላው በሚቆረጥበት ሰሞን፣ አባቴ ከቆቦ እህል ጭኖ ሲመለስ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ። እናቴ በፈራችው በውጫሌ ቁልቁለት አይደለም፣ ሲሪንቃ አጠገብ ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አጫጆች እያዩት ነው። ሰው አልተጎዳም። መኪናዋን ጎትተው ወልድያ ጋራዥ አስገቧት፤ እኔ ያኔ አክስቴን ልጠይቅ ወልድያ ሄጄ ነበርና ምሳ ቋጥሬለት ሄድኩ። መካኒኩ ጋሽ አየለ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ የሞተሩን ሆድ ከታች ፈትተው አውርደውታል፣ ግድግዳው ላይ የተጋገረው ጥቁር ነገር አስፋልት እንጂ ዘይት አይመስልም ነበር። በጣታቸው ዘግነው አባቴ ፊት አፍርጠው አሳዩት።

«የፓምፑ ዘይት ያለሰልሳል እንጂ አያጥብም፤ ጥላሸቱን እዚሁ እያስተኛ አከማቸው» አሉት። «ይኼኛው የሚጠቁረው ግን ያጥባል። አሁን ስትመልሰው የከረመውን ሁሉ ባንዴ ነቅሎ አመጣና ዘይት የሚጠባበትን ወንፊት ደፈነው። ሞተሩን ከፍተህ ሳታስጠርግ እንዲሁ ወደ ድሮው ዘይት ባትመለስ ኖሮ፣ በዚያው በፓምፑ ዘይት ገና ትሠራበት ነበር።»

አባቴ ያን ጥቁር ነገር በጣቱ ነካ አደረገው። ከዚያ ዞሮ ሲያይ እኔን አየ፣ ምሳውን እንደያዝኩ። ነጭ ሸሚዙ እስከ ክርኑ ጠቁሯል፣ እሱም አላስተዋለውም ወይም ግድ አልሰጠውም። ወደ እኔ መጣና ጎንበስ አለ።

«ሙሉዬ፣ ይቺን ጋሽ አየለ መጨረሻ ላይ ያሏትን እናትሽ እንዳትሰማት» አለኝ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። እንዲህ ነው የምትያት።»

ቤት ስንመለስ ከሞተሩ ሆድ የተፋቀውን እድፍ በቆርቆሮ ይዞ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር፤ ከፊቷ መሬት ላይ አስቀመጠላት።

«እድፉ የት ቀረ ብለሽኝ አልነበር? ይኸውልሽ።»

እናቴ ቆርቆሮውን አየችው፣ እሱን አየችው፣ ከዚያ ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ስትነሣ ግን ጨርቅ በእንጨት ጠመጠመች፣ ያን እድፍ በትንሽ ላምባ አቅጥና ምሰሶውን ቀባችው። የተበላ እንጨት ተቀብቶ እንደማይድን ታውቅ ነበር። አባቴም ያውቅ ነበር፤ ቢሆንም ሎሚውን ሳይፈልግ፣ እጁን ሳይታጠብ፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ቆርቆሮውን ያዘላት። መኪናዋ ከዚያ አልተነሣችም፣ ዕቃዋ እየተፈታ ለሌሎች መኪናዎች ሄደ፤ እሱም እስኪሞት ድረስ የሰው መኪና ነዳ።

ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል፣ በመርሳ የሚያልፉት ከባድ መኪናዎች አዳዲስ ናቸው፣ ዘይታቸውም በታሸገ ጀሪካን ይመጣል፣ በጨርቅ የሚያየውም ብዙ ሰው የለም። እናቴ አርጅታለች። ቤቱን በብሎኬት ልንሠራላት ስንል እሺ ብላ፣ ያን የመሀል ምሰሶ ግን አታውጡብኝ ብላ ስለጠየቀችን ጣራውን በሌላ አስደግፈን ትተንላታል። ልጠይቃት ስሄድ ከሥሩ ተቀምጣ አገኛታለሁ፣ ወሬ ወሬን እየሳበው አባቴ ላይ ስንደርስም ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነው። መኪናዋ ስለረፈደ ነው የሞተችው፣ ቶሎ ብነግረው ኖሮ ትተርፍ ነበር ትላለች። ከዚያ ፊቷ ፈካ ይልና፣ ቢሆንም ካሣዬ ኋላ ሰማኝ እኮ፣ ስለ እኔ ብሎ ዘይቱን መለሰው ትለኛለች፣ ከዚያ ሰው ያገኘችው ትልቁ ስጦታ እሱ የሆነ ይመስል።

በልጅነቴ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ትንፋሼን ይዤ የሞተሩን ማንኳኳት እጠብቅ ነበር። ዛሬም እሷ ያን ስትናገር ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ያኔ ከጋሽ አየለ አፍ የሰማሁት ነገር ሳላስበው ከአፌ እንዳያመልጠኝ። አዎ እማዬ፣ ሰምቶሽ ነበር እላትና፣ በተቀመጥኩበት ምሰሶውን በእጄ ዳሰስ ሳደርገው ጥቁሩ እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ ይቀራል።