ሻሹን የያዘች እጅ

የሟቹ እናት ከችሎቱ የፊት ወንበር ጠፍተው አያውቁም። ሁልጊዜ በቀኝ እጃቸው ሻሻቸውን ጆሯቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ይይዛሉ፤ እኔ ሞኙ የችሎት ጸሐፊ ብርድ ይመስለኝ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ምራታቸው ባሏን በመቀስ የወጋችው «ሊገድለኝ ሲል ነው» ብላለች። ዐቃቤ ሕጉ ግን የክሊኒክ ካርዷን አነበበባት፤ አራት ጊዜ ቆስላ ሄዳ አራቱንም ጊዜ «ወድቄ ነው» ብላለች።

ዛሬ እናትየው ለምስክርነት ተጠሩ።

«ቀኝ እጅዎን ያንሱና ይማሉ፣ እማማ» አልኳቸው።

አመነቱ። ሲያነሱ ሻሹ ተንሸራተተ። የጆሯቸው ግማሽ የለም።

«ልጄ ሰው አይነካም ነበር» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ዳኛዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጆሮዎን ምን ሆነው ነው?»

ሻሹን መለሱት። ምራታቸውን ላፍታ አዩና አቀረቀሩ።

«ወድቄ ነው።»