የእባብ ሥጋ ያለበት ማር

ባለፈው ሳምንት ሱቅ ገብቼ ከመደርደሪያ ላይ አንድ ጠርሙስ ሳነሳ ጣቴ ተጣበቀ። ክዳኑ በደንብ አልተዘጋም ነበር። ስዊድኖች ለገና ዳቦ የሚጨምሩት ጥቁር ሲራፕ ነው። ሳላስበው ጣቴን ላስኩት። መጀመሪያ ጣፈጠኝ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ነገር ቀመስኩ። ከዚያ ከኋላዬ፣ ከወተቱ ማቀዝቀዣ አጠገብ፣ አንዲት አሮጊት በወሎ አማርኛ «በላህ?» ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ። ዞር አልኩ። ማንም አልነበረም። የዚያ ድምፅ ባለቤት ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በሕይወት ሳሉም አይቻቸው አላውቅም።

ልንገርሽ። ዘመኑ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ስዊድን አገር፣ ሃግሴትራ፣ ባቡሩ መስመሩን ጨርሶ የሚቆምበት ነው። እናቴ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞረች ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን አንድ ፌርማታ ወደ ኋላ፣ ሮግስቬድ፣ እንግሊዝኛ እንድማር ጋሼ ዘንድ ትልከኛለች።

ጋሼ የምንላቸው የደሴ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ ቋንቋ ሲያስተምሩ ኖረው ልባቸው ሲታመም ያለጊዜያቸው ጡረታ የወጡ። ሚስት አልነበራቸውም፣ ልጅም አልነበራቸውም። የነበራቸው ደሴ ያለች ታላቅ እህትና አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው።

ቃሉ ትሪክል ይባላል። እንግሊዞች ያንን ጥቁር ሲራፕ የሚጠሩበት ስም ነው። ጋሼ የቃሉን ታሪክ ሃያ ዓመት ሙሉ በትንንሽ ካርዶች ላይ ሲጽፉ ኖረው፣ ካርዶቹ የጫማ ካርቶን ሞልተው አልጋቸው ሥር ገብተዋል። የመጀመሪያዋ ቅዳሜ አንድ ማንኪያ ሲራፕ አቀረቡልኝ።

«ቅመሺ።»

ቀመስኩ።

«እንዴት ነው?»

ማንኪያው አፌ ውስጥ ስለነበር ራሴን ነቀነቅሁ።

«እዚያ ውስጥ እባብ ነበረ» አሉኝ።

ፊቴን ሲያዩ ሳቁ። ከዚያ ነገሩኝ። ቃሉ የተወለደው ግሪክ አገር ነው፣ አውሬ ከሚለው ቃል። መርዘኛ አውሬ የነከሰው ሰው የሚወስደው መድኃኒት ስም ነበር። እፉኝት አርደው ሥጋዋን ከብዙ ቅጠልና ሥር ጋር ቀመሙት፣ አልዋጥ ሲል በማር ለወሱት። ዓረቦች ቲርያቅ አሉት። የጋሼ አባት ከኪታብ ላይ ያነቡላቸው እንደነበር ያስታውሳሉ። እንግሊዝ አገር ሲደርስ ትሪክል ሆነ። መጀመሪያ የመርዝ ማርከሻ፣ ቆይቶ የሁሉም በሽታ መድኃኒት ነበር።

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያ እባቡም ቅጠሉም ተረሳ። መለወሻው ብቻ ቀረ። ዛሬ ንግግር ከልክ በላይ ሲጣፍጥባቸው በዚያ ስም ይጠሩታል። አየሽ፣ ከአውሬ ተነስቶ የት እንደደረሰ።»

እንግሊዝኛ የተማርኩት እንዲህ ነው። በኅዳር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሮግስቬድ ይጨልማል። የቤት ማሞቂያው ቧንቧ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ጋሼ መብራት ለማብራት አይቸኩሉም፣ እኔም በጨለማው ውስጥ ስለ እባብ እሰማለሁ።

እህታቸው ደብዳቤ አይጽፉም። ድምፃቸውን ካሴት ላይ ቀድተው፣ ካሴቱን በአቡጀዲ ጠቅልለው ዙሪያውን በመርፌ ሰፍተው በመንገደኛ ይልካሉ። መንገደኛው ለእናቴ ያደርሳል፣ እናቴ ለጋሼ። እናቴ በልጅነቷ ደሴ ትምህርት ቤት ስትገባ ያሳደሯት እኒያ ሴት ናቸው። አራት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተዋል።

ካሴቱ እንደ ደብዳቤ አልነበረም። እህትየዋ ወንድማቸው ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ ይመስል ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ዝም ብለው መልሱን ይጠብቃሉ። ቴፑ ሽሽ ይላል፣ ከሩቅ ዶሮ ይጮኻል፣ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ይወርዳል። ጋሼም በዚያች ዝምታ ውስጥ ይመልሳሉ።

«በላህ?»

«በላሁ።»

«ምን በላህ?»

«ድንች።»

«ምስኪን» ይላሉ እህትየዋ፣ ልክ የሰሙ ይመስል።

ጋሼ ወደ እኔ ዞረው «ድንች እንደምበላ በምን አወቀች?» ይሉኛል። እስቃለሁ። እህትየዋ ይቀጥላሉ። «ያቺ ቃልህስ? አልደረሰችም? ሰው በሃያ ዓመት ወልዶ ይድራል። አንተ አንዲት ቃል አቅፈህ ቁጭ። ወላሂ የሚጠይቁኝ ሰዎች ምን እንደምላቸው ጨንቆኛል።»

«ልትደርስ ነው በያቸው» ይላሉ ጋሼ።

በአንድ ክረምት የጋሼ የልብ ሕመም ጠናና ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሆስፒታል በተኙበት ሳምንት እህታቸው ደሴ ላይ አረፉ። ስልኩ የመጣው እኛ ቤት ነው። እናቴ ስልኩን ዘግታ የጫማ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠች።  አላለቀሰችም፤ ስልኩን መልሳ አነሳችና ዮርድብሩ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ለሚሠሩት፣ ሰው ሲሞት ለሚሰበስቡን ሼህ ደወለች።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። በስልክ አይነገርም፣ ለብቻ አይነገርም፣ ለታመመ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ ጎህ ሳይቀድ ይኬዳል። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ አይልም። ሐኪሙ ድንገተኛ ድንጋጤ ሊገድላቸው ይችላል ብሎ ነበር። ስለዚህ ልባቸው እስኪጸና እንዲደበቅ ተወሰነ። እናቴ እኔን ወጥ ቤት አስቁማ አገጬን ያዘችኝ።

«አንቺ፣ ይቺ ነገር ከአንደበትሽ ካመለጠች፣ የሰው ነፍስ ይዘሽ ነው የምትጠየቂው።»

መስከረም ላይ አንዲት መንገደኛ እህትየዋ ሳይሞቱ የቀዷቸውን ሦስት ካሴቶች ይዛ መጣች። ክረምቱን መንገደኛ ጠፍቶ ተጠራቅመው ኖሯል። እናቴ ሦስቱንም ቁምሳጥን ውስጥ ከአንሶላ ሥር ደበቀቻቸው። ለጋሼ በየወሩ አንድ አንድ ብትሰጣቸው እህታቸው በሕይወት እንዳሉ ይቆጥራሉ ብላ አስባ ነበር።

አንድ ምሽት እናቴን ላግዛት ምድር ቤት ወዳለው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወረድኩ። ስዊድኖች ትቬትስቱጋ የሚሉት፣ ጎረቤት ሁሉ በተራ የሚያጥብበት ክፍል ነው። ማሽኖቹ ሁሉ ይዞራሉ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ የዎክማን ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆማለች። የተቀደደ አቡጀዲ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ምስጢሩን የሚያወጣ ነገር እንዳይኖርበት አስቀድማ ትሰማው ነበር። ወደ እሷ ስጠጋ ከማሽኑ ጩኸት በታች ድምፅዋን ሰማሁ።

«ደህና ነኝ» አለች። ትንሽ ቆየችና «እሷም ደህና ናት፣ አድጋለች» አለች።

ሳልጠራት ደረጃውን መልሼ ወጣሁ።

የመጀመሪያውን ካሴት ጋሼ እኔ ባለሁበት ሰሙ። እህትየዋ ጠየቁ፣ ጋሼ መለሱ። ከሞቱ ሁለት ወር ነበር። ዶሮው ጮኸ። ሁለት እጄን ጭኔ ሥር ደበቅሁ።

«በረደሽ እንዴ ልጄ?»

«አዎ ጋሼ።»

ተነስተው የራሳቸውን ሹራብ አለበሱኝ።

ሁለተኛው ኅዳር ላይ ደረሰ። የዚያን ቀን ጋሼ መብራቱን አበሩ። ጥቅሉን አምፖሉ ሥር ይዘው እያገላበጡ ስፌቱን በጣታቸው ተከተሉት። ከዚያ በምላጭ ቀደዱትና ካሴቱን ከተቱ።

«በላህ?» አሉ እህትየዋ።

ጋሼ አልመለሱም። ቴፑ ሽሽ አለ። ዝናቡ ወረደ።

«ምን በላህ?»

ዝም።

«ምስኪን።»

ጋሼ ግድግዳውን ያያሉ። እኔ የሳቸውን እጅ አያለሁ። ቧንቧው ቀጭ አለ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ጠጋ ያለ፣ ማይክሮፎኑን አፋቸው ሥር ያደረጉት ይመስለኛል።

«ልብህስ? ልብህ እንዴት ሆነች?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ መልሺላት» አሉኝ በቀስታ።

«ምን ልበላቸው?»

«የጠየቀችሽን።»

 ዝምታው ሊያልቅ ነው። «ደህና ናቸው» አልኳቸው፣ አይቻቸው የማላውቃቸውን ሟች። «ልባቸው ደህና ነች።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ካሴቱ።

ጋሼ ቴፑን አጠፉት። ክፍሉ ውስጥ ከኛ ሌላ ሰው የነበረና አሁን የወጣ መሰለኝ።

«መቼ ነው?» አሉ።

እናቴ አገጬን የያዘችበት ቦታ ቆረቆረኝ። መዋሸት እችል ነበር። «ነሐሴ ላይ» አልኩ።

ሁለት ጣታቸውን የእጃቸው አንጓ ላይ አድርገው የግድግዳውን ሰዓት ማየት ጀመሩ። እኔም ሰዓቱን ማየት ጀመርኩ። ሰኮንድ ቆጣሪው አንድ ዙር ዞረ። ሁለተኛ ዞረ። ገደልኳቸው ብዬ እጠብቃለሁ።

«ይሄዳል» አሉ በመጨረሻ፣ ጣታቸውን እያነሱ።

ካርድ ያወጣሉ ብዬ አስቤ ነበር። አላወጡም። አቡጀዲውን ነው ያሳዩኝ። «እህቴ ግራኝ ናት። መርፌዋ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ያለፈው ወር ጥቅልና ይሄ ከቀኝ ወደ ግራ ተሰፍተዋል። ያውም በስዊድን ክር።» ጨርቁን አጠፉት። «ከኔ በፊት ካሴቴን ከፍቶ የሚሰማ፣ ሰምቶም የሚሰፋ ሰው ካለ፣ የሚደበቅ ነገር አለ ማለት ነው። ከእህቴ ሌላ ደግሞ ሞቱ የሚደበቀኝ ሰው የለኝም።»

«ያለፈውን ወር ግን ይመልሱላቸው ነበር።»

«እርግጠኛ መሆን አልፈለግሁማ።»

አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ሻይ አፈሉልኝ።

«መርዝ ይፈራ የነበረ አንድ የጥንት ንጉሥ ነበር» አሉ። «ሰውነቱ እንዲለምደው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይውጥ ነበር ይላሉ። የኔ ቃል ታሪክ ከዚያ ጋር ይነካካል። እናትሽ ሳታውቅ ያንን ነው ያደረገችልኝ። ነሐሴ ላይ ብትነግረኝ እሞት ነበር። በየወሩ በጥቂቱ ወሰድኩት።» ስኳሩን አስጠጉልኝ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ስንት የደከመችበት ነው።»

ጥር ላይ ሐኪሙ ልባቸው ጸንቷል አለ። ሼሁ እሑድ ማለዳ እንሄዳለን ብለው ወሰኑ። ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት በስልክ ነገርኳቸው።

«እንግዲያ ፒጃማ መልበስ ሊኖርብኝ ነው» አሉ።

ስድስት ሆነን በረዶውን እየረገጥን ሄድን። ሕንፃው ሥር ስንደርስ ቀና ብዬ አየሁ፤ የመስኮታቸው መብራት በርቷል። ፎቁ ላይ ስንወጣ ከበሩ ሥር ብርሃን አልነበረም። በራሱ ጊዜ የሚጠፋው የደረጃው መብራት ጠፋብን። ጨለማው ውስጥ የስድስት ሰው ትንፋሽ ይሰማል። ሼሁ የመብራቱን ማብሪያ ፈልገው ሲጫኑት የሁላችንም ፊት እንግዳ ሆነብኝ፣ የእናቴም ጭምር።

ጋሼ በፒጃማ፣ ፀጉራቸው ተንጨብሮ ከፈቱ።

«ምነው በደህና?» አሉ።

«ይቀመጡ ጋሼ» አሉ ሼሁ። «ሁላችንም ሟች ነን።»

«ማን ነው?»

«እህትዎ።»

ማስመሰል ሲጀምሩ እንዳላይ አንገቴን ደፋሁ። ግን የሰማሁት ድምፅ የማስመሰል አልነበረም። ለብቻቸው የሰሙትን ሞት ሰው ባለበት ሲሰሙት እንደ አዲስ ነው የመታቸው። ግድግዳውን ተደግፈው እየወረዱ መሬት ላይ ተቀመጡ። ወንዶቹ ደገፏቸው። «ሶብር ይስጥዎ፣ አብሽር ጋሼ፣ ሶብር ይስጥዎ» ይላሉ ሁሉም።

እናቴ በሩ አጠገብ ኮቷን ሳታወልቅ ቆማለች። ከኪሷ ሦስተኛውን ካሴት አወጣች። ጥቅሉ አልተቀደደም።

«ይቺ የመጨረሻዋ ናት» አለች። «ይቺን ልከፍታት አልቻልኩም። ከዚህ በኋላ ደግሞ...»  ከነኮቷ በሩ ሥር ቁጭ አለች። አምስት ወር ሙሉ ዓይኗ እርጥብ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ያን ጠዋት ግን የወጣው ድምፅ ጎረቤት በር አስከፈተ። የስዊድን አሮጊት በሌሊት ልብሷ ደረጃው ላይ ቆማ አየችን።

ጋሼ ያዟቸውን ሰዎች እጅ አላቀቁ። በጉልበታቸው እየዳሁ መጥተው እናቴን ራሷን ደረታቸው ላይ አስጠጉ። ሐዘንተኛው እሳቸው፣ አጽናኙም እሳቸው ሆኑ። «አልቅሺ» አሉ። «አልቅሺ እሺ፣ ሐዘኑ ያንቺ ነው፣ የያዝሽው አንቺ ነሽ።» ካሴቱን መልሰው እጇ ውስጥ አስጨበጧት። በትከሻዋ ላይ ቀና ብለው እኔን ፈለጉ። ዓይናችን ሲገጣጠም ራሳቸውን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ነቀነቁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። ሲሞቱ መርዶውን ይዘው እኛ ቤት ድረስ የመጡት ሼሁ ናቸው።

እናቴ አሁን ጡረታ ወጥታለች። የሐዘን ቤት ሄዳ ወጣቶች «ለምን ይደበቃል፣ ሰው መብቱ አይደለም?» ብለው ሲከራከሩ ታሪኩን ታነሳለች። አምስት ወር እንዴት እንደያዘችው፣ አንዴም እንዳላመለጣት፣ በዚያም የጋሼ ልብ እንደተረፈ ትነግራቸዋለች። ከዚያ ወደ እኔ ትዞራለች።

«ይቺ ምስክሬ ናት። ጋሼ አንዳች ነገር ጠርጥረው ነበር?»

«ምንም» እላለሁ። «ምንም አላወቁም እማ።»

እሷም ረክታ ነጠላዋን ታስተካክላለች።